ሐረጎ ላይ ንስር ቆጠራ፦ የጥቅምት ማስታወሻ

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የተነሣው ሳይነጋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነበር። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ የጋቢው ዘመን አበቃ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚል ጠብ ተነሣ። ያው የለመድነው ነው፤ ከተከፈተ ምች ይመታል፣ ካልተከፈተ ሰው ይታፈናል።

ጎኔ የተቀመጡት እናት ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ለሥራ ነው አልኳቸው፤ ግማሹ ተማሪዎችን ስለ ተፈጥሮ ማስተማር፣ ግማሹ ከአውሮጳና ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚሰደዱ ንስሮችንና ጭልፊቶችን መቁጠር። ትንሽ ዝም ብለው «አሞራ ለሚቆጥር ሰው ደመወዝ አለው?» አሉ። አለው፤ ትንሽ ነው፣ የወቅት ሥራ ስለሆነም ወቅቱ ሲያልፍ ይቋረጣል። «እንግዲያውስ ልጄ፣ የእኔን ጫጩቶች የጨረሰውንም ደርበሽ ቁጠሪልኝ» ብለው እስከ ከሚሴ ሳቁ።

ጨፋ ረግረግ ላይ ከብቱና ነጩ ወፍ ተቀላቅሎ ታየኝና ባይኖኩላሬን ከቦርሳ ሳወጣ ሾፌሩ አልፎት ሄደ። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 2,500 ገደማ ይደርሳል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ስንወጣ የቦርከና ሸለቆ በቀኝ በግራ እየተቀያየረ ይታያል። እዚያው ነው የምቆመው፤ ቦታውን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ መረጥኩት።

ደሴ ስገባ ጉም ወርዷል። ከፒያሳ ከፍ ብሎ ያለ አልጋ ቤት ያዝኩ። ባለቤትዋ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥታኝ ሦስተኛውን ሳልጠይቃት አመጣችው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለዚህ ከተማ ሳይሆን አይቀርም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ቀኑ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ተራራ ላይ ተክሎ ወደ ከተማ መቃኘት ወሎ ውስጥ ቀልድ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነት እጅ ቀያይረዋል፤ ያኔ ሐረጎ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ወፍ ፈላጊ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው ሲበዛብኝ አልከፋኝም። የከፋኝ ማኅተም ያዡ ስብሰባ መግባቱ ነው፤ ስብሰባው ደግሞ ምሳን አልፎ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ ኃላፊ «እስቲ ዕቃውን አሳይኝ» አሉና ግቢው ውስጥ ተከልኩላቸው። ወደ ጦሳ ተራራ አዙረው አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ «ወይ ጉድ! ሰውዬው በሬዎቹን ሲነዳ!» አሉ። ዘበኛው አየ፣ ጸሐፊዋ አየች፣ ሻይ ያመጣችው ልጅም አየች። ደብዳቤው ወዲያው ተፈረመ፤ ግልባጭ ለፖሊስ፣ ግልባጭ ለቀበሌ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። ጁምዓ ስለሆነ ከምሳ በፊት መጨረስ አለብኝ፤ የጋበዘኝ የባዮሎጂ መምህር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተፈጥሮ ክበቡን አባላት ሰብስቦ ጠበቀኝ።

የምታውቁትን አዳኝ ወፍ ንገሩኝ ስል ሁሉም ስለ ጫጩት ያወራል። ጭላት የነጠቃት ጫጩት፣ እናት ዶሮ የዘለለችው ዝላይ፣ አያት የወረወሩት ድንጋይ። የተፈጥሮ አስተማሪዎች እዚህ ላይ የሚያቋርጡ አሉ፤ «ግን ወፎች ጠቃሚ ናቸው» ብለው ስብከት ይጀምራሉ። እኔ አላቋርጥም። ንዴት ያለበት ልጅ ወፉን ልብ ብሎ አይቷል፤ ከየት መጣ፣ እንዴት ወረደ፣ በየት ወጣ ብለህ ብትጠይቀው አንድ በአንድ ይነግርሃል።

ቀጥሎ ሽምብራ። ይህ የቆጣሪዎች የቆየ ልምምድ ነው። ወለሉ ላይ ሰሌን አነጠፍን፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ በተንኩበት፣ ሁለት ሦስት ቆጥሬ በነጠላዬ ሸፈንኩት። ስንት ነው? አንዱ ሃያ፣ አንዱ ሁለት መቶ አለ። ከዚያ ዘዴውን አሳየኋቸው፤ አንድ ጥግ ላይ አሥር ብቻ ቁጠሩ፣ ያ አሥር የያዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፣ በቀረው ላይ እየደራረባችሁ ሂዱ። ሰማይ ላይም የሚደረገው ይኸው ነው፤ መንጋው ሲበዛ አሥሩ መቶ ይሆናል። ሦስተኛው ብተና ላይ ግምቱ መቀራረብ ጀመረ። ከኋላ የተቀመጠች፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልወጣት ልጅ ግን በየጊዜው ወደ ትክክለኛው ቁጥር ትጠጋለች። እናቷ ሰኞ ገበያ እንቁላል ትሸጣለች፤ ጭድ ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ቅርጫቱ ሳይገለበጥ ስንት እንደሆነ መናገር የእሷ ሥራ ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሐረጎ። መምህሩና ከክበቡ ጥቂት ልጆች አብረውኝ ናቸው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛው ላይ ጣለንና ቀሪውን በእግር ወጣን። ከታች ኮምቦልቻ፣ ማዶ የጎፍ ተራራ ከነደኑ፣ ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ አፋር እየወረደ ይደበዝዛል።

እስከ ሦስት ሰዓት ምንም የለም። ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ተበታተነ። ይህ ገደል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው እሱን ስለሆነ ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይነሣል። ትልቅ ክንፍ ያለው ወፍ የሚጠብቀው ይህንን ነው። እያርገበገበ ሩቅ አገር አይሄድም፤ በሚነሣው አየር ላይ እየዞረ ያለ ድካም ከፍ ይልና ክንፉን ዘርግቶ ይንሸራተታል፤ ዝቅ ሲል ሌላ የሞቀ አየር ይፈልጋል።

የዚህ አገር ቆጠራ አስቸጋሪው ነገር ነዋሪውን ከእንግዳው መለየት ነው። ከሆዱ ነጭ፣ ጭራው ቀይ ቡናማ የሆነው ጭልፊት ቀኑን ሙሉ ከላያችን ይመላለሳል፤ የዚሁ ሰፈር ሰው ነው፣ አይቆጠርም። ምንቃሩ ቢጫ የሆነው ጭልፊት ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጣው ወንድሙ ምንቃሩ ጥቁር ነው። ከሁሉም የሚያደክመው ግን እንግዳውን የስቴፕ ንስር ከነዋሪው ቡናማ ንስር መለየት ነው። ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ግዙፍ።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ የመጀመሪያው መጣ፤ ከላይ ሳይሆን ከእግራችን ሥር። የሸንተረር ቆጠራ ደስታው ይህ ነው፤ የወፉን ጀርባ ታያለህ። ሸለቆውን ታክኮ መጣና በፊታችን ከፍ አለ፤ ለጥቂት ጊዜ በዓይናችን ትክክል ሆነ። ቢጫው የአፍ መሥመር የዓይኑን መሐል አልፎ እስከ ኋለኛው የዓይኑ ጠርዝ ተስቧል። ነዋሪው ላይ ቢሆን ዓይኑ መሐል ላይ ይቆም ነበር። ከክንፉ ሥር ከጫፍ ጫፍ ነጭ ሰፊ መቀነት አለው፤ የዘንድሮ ልጅ ነው ማለት ነው። ይህች ወፍ ከጥቂት ወራት በፊት ካዛኽስታን ወይም ሩሲያ ሜዳ ላይ እንቁላል ነበረች። ልጆቹ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ።

በአውራ ጣት የሚጫኑትን መቁጠሪያ ቀጭ አደረግሁ። በመንገዱ ያልፉ የነበሩ አንድ ሸህ ቆመው እጄን አዩና «ማሻ አላህ፣ ዚክር ላይ ነሽ?» አሉኝ። አሞራ ነው የምቆጥርበት ስላቸው ኪሳቸው ገብተው የእኔኑ ዓይነት መቁጠሪያ አወጡ፤ ልጃቸው ከሳዑዲ ያመጣችላቸው ነው። «የእኔ ወደ ዜሮ አልመለስ ብሎ አስቸገረኝ፣ ያንቺው ይመለሳል?» አሉ። በእስክሪብቶ ጫፍ ጫን አድርጌ መለስኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ከጠዋት ጀምሮ ተጨናንቋል። እኛ ባቲ አልደረስንም፤ ከከተማው ወጣ ብለን የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን እየተከተልን በእግር ሄድን። ይህም የሥራው ክፍል ነው።

ከአንዱ ምሰሶ ሥር አገኘነው። የስቴፕ ንስር፣ ያልጎለመሰ። ጉንዳን ዓይኑን ጀምሮታል። ላባው ከሩቅ ምንም የሆነ አይመስልም፤ ገልብጬ ሳየው የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተኮማትሮ ጠቁሯል፣ በቀኝ ክንፉ መታጠፊያ ላይ ደግሞ የጥፍር ስፋት ያላት የተቃጠለች ቀዳዳ አለች። አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። የሚሸተው የበድን ሽታ ሳይሆን የተቃጠለ ፀጉር ነው። ክንፉን ዘርግተን በገመድ ለካነው፤ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ችግሩም እዚያው ነው። ትንሽ ወፍ ምሰሶ ላይ ቢያርፍ አንዱን ሽቦ ብቻ ይነካል፤ ይህ ግን ክንፉን ሲከፍት ሽቦና ሽቦ፣ ወይም ሽቦና ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ያገናኛል። መፍትሔው የሚታወቅ ነው፤ ሽቦውን ምሰሶው አጠገብ በመሸፈኛ መጠቅለል፣ ወይም ከመስቀለኛው በላይ ሳይሆን በታች ማንጠልጠል። ከሁሉ የሚረክሰው ምሰሶው ሲተከል አብሮ ቢታሰብ ነበር።

የስቴፕ ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። ነጩ የግብፅ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ነው። ሁለቱም አፋርን የሚወዱ፣ ሁለቱም ዛፍ በሌለበት ምድር ምሰሶ ላይ የሚያድሩ ናቸው።

ጥቅምት 11፣ 12 እና 13

ደመና፣ ካፊያ፣ ብርድ። ሐረጎ ላይ ሰው ሰውን አያይም። ሰዓት በሰዓት የንፋስ አቅጣጫ፣ ደመና፣ ዜሮ። ዜሮው መጻፍ አለበት፤ ባዶ የተተወ ሰዓትና ዜሮ የተጻፈበት ሰዓት አንድ አይደሉም። የሚካኤል ዕለት ባለቤትዋ እስከ በረካ አስቀምጣ ቡና አጠጣችኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ከዝናብ በኋላ የጠራ ሰማይ። ይህንን ቀን የሚጠብቅ ቆጣሪ ብቻ አይደለም፤ አፋር ውስጥ ክንፋቸውን አጥፈው የከረሙትም ጠብቀውታል።

አምስት ሰዓት ላይ ከየጎፍ ማዶ ነጠብጣብ ታየ። በቴሌስኮፕ ሲታይ ጭልፊት ነው፤ ከሩሲያ ወገን የሚመጣው፣ በእንግሊዝኛ ስቴፕ ባዛርድ የሚባለው። ከድስት እንደሚነሣ እንፋሎት እየተጠመዘዙ ይወጣሉ። ሲዞሩ አይቆጠሩም፤ አንዱን ሦስት ጊዜ ትቆጥረዋለህ። ጫፍ ደርሰው አንድ በአንድ ወደ ደቡብ መንሸራተት ሲጀምሩ ነው እንጂ። ያኔ መሥመር ይሠራሉ፣ አንተም አሥር፣ አሥር፣ አሥር ትላለህ። የእንቁላል ሻጯ ልጅ ከጎኔ ናት፤ እኔ ወረቀት ላይ ሳጎነብስ እሷ ሳታቋርጥ ትቀጥላለች። መምህሩ ከትምህርት ሰዓት እንዴት እንዳስወጣት አልጠየቅሁም።

ምሳችንን ቆመን በላን። መሐል ላይ ሐሪየር የሚባል አዳኝ ወፍ፣ አንድ ወንድ፣ አለፈ፤ ነጭ ለማለት ምንም ያልቀረው ግራጫ፣ የክንፉ ጫፍ ብቻ በቀለም የተነከረ። በዚያ ሁሉ ግርግር ብቻውን፣ ዝቅ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ።

በቆምንበት ስለ ሌሎች ቆጣሪዎች አወራኋቸው። አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሆክ ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ፤ ሰዎች ጠመንጃ ይዘው እየወጡ የሚያልፈውን ሁሉ የሚጥሉበት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የምትባል ሴት መሬቱን ተከራይታ ጠባቂ አቆመችበት፤ ተኳሹ ወረደ፣ ቆጣሪው ወጣ። በኋላ የወጣት ንስሮች ቁጥር እያነሰ መሄዱ እዚያ የተጻፈው መዝገብ ላይ ታየ፤ ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስረዳት ከዋሉት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ለዚህ ነው መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ «ዕድሜ» የምትለዋን ዓምድ ሳትሰለቹ ሙሉ የምላቸው። ጆርጂያ አገር፣ ባቱሚ ላይ ደግሞ በአንድ የስደት ወቅት ከሚሊዮን በላይ ይቆጠራል። «እኛስ?» አለ አንዱ። ለእኛ የሚቀርበን ጅቡቲ ነው፤ በ1980 ዓ.ም. ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የባሕሩ ዳር ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ መዝግበዋል። በዚህ ሸንተረር በኩል ከእነዚያ ስንቱ እንደሚያልፍ የሚነግረን እንዲህ ያለው ወረቀት ሲከማች ነው።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ቄራ። ስለ ሽታው አልጽፍም። ጥንብ አንሳዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ትንሹ ባለ ቀይ ፊቱ፣ ነጭ ጀርባው፣ ትልቁ ሩፔል የሚባለው። ሰው የትም የማይጠፉ ይመስለዋል፤ ሦስቱም ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የመጥፋት አደጋው እጅግ አሳሳቢ ወደሚባለው ደረጃ ወርደዋል። ጅብና ውሻ ለመግደል ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ዋናው ጠንቅ ነው፤ አንድ የተመረዘ በድን መንጋውን በሙሉ ይጨርሳል። የቄራው ሠራተኛ «እነሱ ቢጠፉ ይህንን ሁሉ ማን ያነሣዋል? እኔ?» አለኝ። ሕንድ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው፤ ለከብት በሚሰጥ ዳይክሎፌናክ በሚባል መድኃኒት ጥንብ አንሳዎቹ ከሞላ ጎደል አለቁ፣ የባዘነ ውሻ በዛ፤ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። የዛሬውን ለመጻፍ ማታ ብዙ ቁጭ አልኩ።

ትምህርቱ ስለ መንገዱ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርታ ሳልኩ፤ ላይ ካዛኽስታን፣ ታች እኛ፣ መሐል ላይ ባሕር። ከባሕር ላይ የሞቀ አየር እንደ ልብ አይነሣም፤ ስለዚህ ከባድ ወፍ የሚሻገረው በጣም በሚጠብበት በኩል ነው፤ ባብ ኤል መንደብ ላይ ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው አልኩ። ከዚያ የመንገዱን ቦታዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ልጽፍ ጠመኔውን አነሣሁ። ሳዑዲ፣ የመን።

«ኦቦክ» አለ አንድ ልጅ። ገና አልጻፍኩትም ነበር። ኦቦክ ጅቡቲ ውስጥ ባሕሩ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያ ሌላው «ጋላፊ» አለ፣ ሌላዋ «ሚሌ»፣ ከኋላ ሦስት አራቱ በአንድ ድምፅ «ባቲ!» አሉ። ካርታዬን እነሱ ጨረሱልኝ።

ተገልብጦ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ወንድሞቻቸው የሄዱበት መንገድ ነው። በእግርና በጭነት መኪና በአፋር በረሃ፣ ከኦቦክ በጀልባ፣ ከዚያ የመን፣ ከቀናቸው ሳዑዲ። አንዱ የአክስቱን ልጅ ስልክ ኦቦክ ላይ ስንት ቀን እንደጠበቁ ነገረን። አንዷ እህቷ ከየመን መደወል ካቆመች ስንት ጊዜ እንደሆነ ስትጀምር መምህሩ በቀስታ ወደ ሌላ ጥያቄ አዞረው፤ ልክ ነበር። የተዘጋጀሁበት ንግግር አሁን ቦታ አልነበረውም። ጠመኔውን ለልጁ ሰጠሁትና ርቀቱን እሱ ይንገረን አልኩ። ባቲ ድረስ በመኪና፣ ሚሌ ድረስ ይህን ያህል፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ብቻ፣ ምክንያቱም ቀን ሙቀቱ ይገድላል። ንስሩ በተቃራኒው ቀን ብቻ ነው የሚሄደው፤ ሰውን የሚገድለው ሙቀት እሱን የሚያነሣው ነው። ይህንን ያለችው የእንቁላል ሻጯ ልጅ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ሊደወል ሲል አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣ፤ «ሲመለሱስ በዚሁ ነው?» አለኝ። አይደለም። ሳተላይት መሣሪያ የታሰረላቸው የስቴፕ ንስሮች እንዳሳዩት በመመለሻቸው በሱዳንና በግብፅ ወጥተው በስዊዝና በሲና በኩል ይዞራሉ። «ታዲያ አይጠፋቸውም?» አለ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀኔ ነው፤ መሆን አልነበረበትም። የስቴፕ ንስር በብዛት የሚያልፈው ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ የእኔን ውል የጻፈው ሰው ግን የበጀት መዝጊያ እንጂ የንስር ቀን መቁጠሪያ አላየም። ጠዋት ሐረጎ ላይ በአንድ ዙር አርባ የሚሆኑ ንስሮች ሲዞሩ ቆሜ፣ ከሰዓት ሻንጣ ማሰር ነበረብኝ። ተናድጃለሁ፤ ለቀጠሩኝም ጽፌላቸዋለሁ።

ልጆቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን ብለዋል። ቴሌስኮፑ የእኔ ስላልሆነ ይዤው እመለሳለሁ፤ አሮጌውን ባይኖኩላሬንና መቁጠሪያውን ትቼላቸዋለሁ። መምህሩ ወረቀቱን ፎቶ እያነሣ በቴሌግራም ይልካል። ቁጥሩን የምትይዘው ማን እንደሆነች ክርክር አልነበረም፤ ባይኖኩላሩን ማን ይይዛል በሚለው ላይ ግን ስለያቸው አልተስማሙም። የሚኒባሱን ሒሳብ የወላጅ ኮሚቴው እሸፍናለሁ ብሏል፤ ለስንት ሳምንት እንደሆነ አልተነጋገርንም።